ግድቡ አለቀ፤ ማድ ቤቱስ?

(በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ያደረግኩት ንግግር ነው። በጽሑፍ ሳሰፍረው አንዳንድ ቦታ አሳጥሬዋለሁ። በመጨረሻ የተነሱት ጥያቄዎች ግን ከንግግሩ ስለሚበልጡ አስገብቻቸዋለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ።

ስለ ታዳሽ ኃይል ተናገር ስባል ትንሽ ፈራሁ። ባለሙያ ፊት ቢሆን ይቀላል፤ ቁጥር ደርድሮ መውረድ ነው። እናንተ ግን በዚህ ጉዳይ ላይ ቀድሞም የራሳችሁ ሐሳብ አላችሁ። ታክሲ ውስጥ ይወራል፣ ቡና ላይ ይወራል፣ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ እንኳ ካርታ እየተጫወቱ ይወራል።

ምን ይባላል? "ግድቡ አልቆ መብራት ለምን ይጠፋል?" ይባላል። "ለጎረቤት አገር እየሸጡ እኛን ጨለማ ውስጥ!" ይባላል። "ያ ሁሉ የኤሌክትሪክ መኪና ከየት መጥቶ ነው ቻርጅ የሚደረገው?" የሚል አለ። "አየር ንብረት ምናምን የፈረንጅ ጣጣ ነው፤ እነሱ አጭሰው እኛ እንድናስል ተፈረደብን" የሚልም አለ። ይቺኛዋን በጣም ነው የምወዳት። ደግሞ "አገሩን ያራቆቱት ከሰል አክሳዮቹ ናቸው" የሚሉ አሉ፤ ብዙ ጊዜ ይህን የሚሉት ከሰል ላይ የፈላ ቡና እየጠጡ ነው።

እነዚህ ሐሳቦች ከሞላ ጎደል ግማሽ እውነት አላቸው። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ስለ ኃይል ስናወራ ዓይናችን ግድቡና መኪናው ላይ ተተክሎ ይቀራል። የአገሪቱ ኃይል በብዛት የሚቃጠለው ግን ማድ ቤት ውስጥ ነው።

እስኪ ከደስታው እንጀምር። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ንጹሕ ነው። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውኃ ይመጣል። ቆቃ በ1952 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር አቅሙ 43 ሜጋዋት ገደማ ነበር። ግልገል ጊቤ 3 ብቻውን 1,870 ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የዓባይ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። አዳማና አሸጎዳ ላይ ነፋስ አለን። ረጲ ላይ በ2010 የተመረቀ ከቆሻሻ የሚያመነጭ ጣቢያም አለን። በዚህ ሚዛን ብዙ ሀብታም አገር ይቀናብናል።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ገጽ። በአገሪቱ ውስጥ ከሚቃጠለው ኃይል ሁሉ ኤሌክትሪክ ትንሽ ቁራጭ ነው። ከአሥር እጅ ወደ ዘጠኙ የሚጠጋው ማገዶ፣ ኩበት፣ ገለባና ከሰል ነው። ከሕዝባችን ግማሽ ገደማው ጭራሽ መብራት የለውም። በ2010 የወጣው አገር አቀፍ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም በፈረንጆቹ 2025 ሁሉም ሰው መብራት ያገኛል ብሎ ነበር፤ 65 በመቶው ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ከሶላርና ከመሳሰለው። ዓመቱ መጥቶ ሄደ።

መብራት ያለውም ቢሆን መብራቱን የሚጠቀምበት ለአምፖል፣ ለቴሌቪዥንና ለስልክ ነው። ወጡ ከሰል ላይ ነው። እንጀራው ግን ትልቁ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የተለመደው የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ከሸክላው ሥር ጥቅልል ሽቦ አለ። ሽቦው ሸክላውን ያግላል፣ ሸክላው ሊጡን ያበስላል። ሸክላው ወፍራም ስለሆነ እስኪግል ጊዜ ይወስዳል። ከሥሩና ከጎኑ የሚያመልጠው ሙቀትም ቀላል አይደለም። ምጣዱ ከጠፋ በኋላ ድመቷ ሄዳ ሥሩ የምትተኛው ወዳ አይደለም። ያ ሁሉ ሙቀት የተከፈለበት ነው።

አንዲት እናት በሳምንት ሁለት ቀን፣ አንድ አንድ ሰዓት ተኩል ብትጋግር በአንዱ ቀን 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ታወጣለች፤ ቆጣሪው የሚቆጥረው በዚሁ ነው። በዓመት ከ500 ያልፋል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

የዓባይ ግድብ በዓመት ያመነጫል ተብሎ የተሰላው 15,760 ጊጋዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ አንዱ ጊጋዋት ሰዓት አንድ ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ነው። ለ120 ሚሊዮን ሰው እኩል ብናካፍለው ለነፍስ ወከፍ 130 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል። አምስት ሰው ላለበት ቤት 650 ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ምጣዱ 500ውን ይወስዳል። የቀረው ለአምፖልና ለስልክ ነው።

ስለዚህ ያ ሁላችንም ቦንድ የገዛንለት፣ የወር ደመወዝ የሰጠንለት፣ የዘፈንለት ግድብ፣ ለፋብሪካ አንዲት ዋት ሳይሰጥ ለእኩል ቢታደል፣ እንጀራ አስጋግሮን ትንሽ ያበራልናል። ይህን የምለው ግድቡን ለማሳነስ አይደለም። የምጣዱን ትልቅነት እንድታዩልኝ ነው። ሙቀት የማያባክን ምጣድ ሠርቶ በየቤቱ ማስገባት ማለት ያለ ሲሚንቶና ያለ ዲፕሎማሲ ተጨማሪ ግድብ መሥራት ነው። ግን ሪባን የሚቆረጥለት ነገር ስላልሆነ ማንም አይቸኩልለትም።

"ታዲያ ለምን ይጠፋል?" ወደሚለው ልመለስ። ግድቡ ያለው ጉባ ነው። እናንተ ቤት የሚደርሰው በከፍተኛ መስመር፣ በማከፋፈያ ጣቢያ፣ በመጨረሻም በሰፈራችሁ ትራንስፎርመር በኩል ነው። ትራንስፎርመሩ የተተከለው ሰፈሩ ጥቂት ቤት በነበረበት ጊዜ ነው። አሁን ከእያንዳንዱ አጥር ጀርባ ፎቅ አለ፣ ሰርቪስ ቤት አለ፣ የብየዳ ቤት አለ። የበዓል ዋዜማ ይመጣል። ሁሉም ቤት ምጣዱን ይሰካል። ቧ! ጎረቤት ለጎረቤት "የእናንተም ጠፋ?" ይባባላል።

ባይጠፋም ኃይሉ ይቀንሳል። 220 ቮልት መምጣት የነበረበት 180 ሆኖ ሲመጣ አምፖሉ ትንሽ ይደበዝዛል፣ ሰው ብዙም አይገደውም። ምጣዱ ግን ከሙቀቱ አንድ ሦስተኛውን ያጣል። ሙቀቱ ከቮልቴጁ ይበልጥ ነው የሚወርደው። ጋጋሪዋ ምጣዱን በጎመን ዘር አሰስ ታደርጋለች፣ ሊጡን አዙራ ታፈሳለች፣ አክምባሎውን ትከድናለች። ስትከፍተው እንጀራው ዓይን አላወጣም። ድፍን ብሎ፣ ከምጣዱ አልላቀቅ ብሎ ይጠብቃታል። ያን ጊዜ ስለ 5,150 ሜጋዋት ብትነግሯት ምን እንደምትላችሁ ታውቃላችሁ።

ለጎረቤት መሸጡስ? ለጅቡቲ፣ ለሱዳን፣ ለኬንያ ኃይል እንሸጣለን፤ ገቢውም የውጭ ምንዛሪ ነው። ያንን ባንሸጠው ግን ወደ እናንተ ማድ ቤት አይመጣም፤ መስመሩ አይሸከመውም። ሽያጩን መቃወም ውኃው የማይወርድበትን ቧንቧ ትቶ ምንጩን መውቀስ ነው። መጠየቅ ያለበት ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብ ምን ያህሉ ወደ ሰፈር ሽቦና ትራንስፎርመር ይመለሳል የሚለው ነው። ቢትኮይን ለሚያመርቱትም የተሸጠውን እንዲሁ ጠይቁ።

የውኃ ነገር አንድ ጣጣ አለው። ዝናብ ሲያጥር መብራቱም ያጥራል። ግንቦት 2011 የጊቤ 3 ውኃ ወርዶ በፈረቃ የኖርንበትን ታስታውሳላችሁ። የእኛ ነፋስ ደግሞ የሚበረታው በበጋ ነው፣ ልክ ግድቦቹ ሲጎድሉ። ስለዚህ አዳማ ላይ የሚዞሩትን ነገሮች ለፎቶ የተተከሉ አታስመስሏቸው።

አሁን ወደ ዋናው ቁጭቴ ልግባ። ተከራዮች።

እዚህ ከተማ ውስጥ ቤት የተከራየ እጁን ያውጣ። (ከአዳራሹ ከግማሽ በላይ አወጣ።) አከራያችሁ "ምጣድና ስቶቭ ክልክል ነው" ያላችሁስ? (ብዙ እጅ ሳይወርድ ቀረ፤ ሳቅም ነበረ።) ይኸው። ይህ ሕግ የተጻፈበት ወረቀት የለም። ግን የዚህ ከተማ ጠንካራው የኢነርጂ ፖሊሲ እሱ ነው።

አከራዩ ክፉ ስለሆነ አይደለም። አንድ ግቢ ነው፣ አንድ ቆጣሪ ነው፣ ስድስት በር ነው። ታሪፉ ደግሞ በእርከን የሚወጣ ነው። የመጀመሪያው እርከን በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ከዚያ እስከ 100፣ እስከ 200 እያለ ከ500 በላይ ድረስ ይሄዳል። ዋጋውም አብሮ ይወጣል። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ትንሽ የሚጠቀም ድሃ በርካሽ ያግኝ ነው። ግን ስድስቱ በሮች እያንዳንዳቸው 90 ቢጠቀሙ ቆጣሪው የሚያነበው 540 ነው። ስድስት ምስኪን አባወራ አንድ ላይ ሲደመር ቪላ ሆነ ማለት ነው! ለድሃ የታሰበው ዋጋ ድሃው በር ላይ ሳይደርስ አጥሩ ጋ ይቀራል። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ እንዲጨምር ሆኗል፤ ለአራት ዓመት የሚቀጥል ነው። አከራዩ ቢሳቀቅ ይፈረድበታል?

ስለዚህ ተከራይዋ ከሰል ትገዛለች። ማዳበሪያ ሙሉ ለመግዛት ገንዘቡም ማስቀመጫውም የላትም፤ በፌስታል ነው የምትገዛው። በፌስታል ሲገዛ ደግሞ ኪሎው ይወደዳል። ደጃፏ ላይ ታቀጣጥላለች። ዝናብ ሲመጣ ወደ ውስጥ ታስገባለች። ክረምት ላይ ከሰል አስገብተው፣ በር ዘግተው ተኝተው ያልነቁ ሰዎች ወሬ በየዓመቱ እንሰማለን። የከሰሉ ጋዝ ሽታ የለውም፤ እንቅልፍ ላይ እንቅልፍ ነው የሚጨምረው። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ በፈረንጆቹ 2020 በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል ይላል። "የፈረንጅ ጣጣ ነው" ለምትሉት፣ ይህ ጭስ የእኛው ነው። እናቶቻችን ዓይናቸውን በነጠላ ጫፍ እየጠረጉ የኖሩበት ጭስ።

ከሰል አክሳዩንም እንየው። በባህላዊው መንገድ፣ እንጨቱን አፈር አልብሶ ሲያከስል፣ ከአንድ ኪሎ ከሰል ጀርባ ቢያንስ 5 ኪሎ እንጨት አለ። አብያታ ሻላ ፓርክን ያየ ሰው ግራሩ የት እንደሄደ ይገባዋል። መንገድ ዳር በተደረደረው ማዳበሪያ ሄዷል። ሰውየውን ማባረር ግን ምንም አይፈታም፤ ከተማ ውስጥ ስድስት በር ያለው ግቢ እስካለ ድረስ ገዢው አለ። ደግሞ ከሰል ሁሉ አንድ አይደለም። አፋር ውስጥ ግጦሹን የወረረው ፕሮሶፒስ የሚባለው እሾሃማ ዛፍ ተቆርጦ ቢከሰል ለአርብቶ አደሩ እፎይታ ነው። ግራርንና ፕሮሶፒስን በአንድ ክልከላ መጨፍለቅ የሰነፍ ሕግ ይመስለኛል።

ስለ ባሕር ዛፍም ሰዉ ሁሉ ይፈርዳል። "ውኃ ጠጪ ነው፣ መሬት ገዳይ ነው" ይባላል። ይጠጣል፣ እውነት ነው። ግን በምኒልክ ጊዜ ከአውስትራሊያ የመጣው አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት ዋና ከተማው ሊነሳ ሲል ነው። በጥቂት ዓመት አድጎ ከተማዋን እዚሁ አስቀራት። እስከ ዛሬ ጎንበስ ብለው ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ የሚያወርዱትን ሴቶች ሳይጠይቁ ባሕር ዛፍ ላይ መፍረድ አይከብድም። መተኪያውን ማቅረብ ነው የሚከብደው።

ስለ መኪናው በአጭሩ። ጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ወደ አገር እንዳይገባ እንደከለከለ ተናገረ። በዓለም የመጀመሪያው ነው። አንዳንዱ "ለአካባቢ ጥበቃ" ብሎ ያወድሰዋል። እኔ ለዶላር ነው እላለሁ፤ ቤንዚን በምንዛሪ ይገዛል፣ መብራት ግን የራሳችን ነው። ይህ የሚያሳፍር ምክንያት አይደለም። እንዲያውም ጤናማ ምክንያት ነው። የሚያስቆጨኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ቤት የሚገጠም አንድ ቻርጀር 7 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ ሁለት ምጣድ ማለት ነው። ባለመኪናው ቻርጀር ሲያስገባ "ክልክል ነው" የሚለው የለም። ለመኪናው የታሰበውን ያህል ለምጣዱ ማን አሰበ?

የሚገርመው በወረቀት ላይ ታስቦ ነበር። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ በቅድሚያ ይሠራሉ ያላቸው አራት ነገሮች ነበሩ። አንዱ የውኃ ኃይል ነው። ሁለተኛው ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ነው። የከብት እርባታና ደንም አሉበት። ግድብና ምድጃ እኩል ተጽፈው ነበር! ግድቡን ሕፃን ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ምድጃውን ማን ያውቀዋል? "ላቀች" የሚባለውን የከሰል ምድጃ ገበያ ላይ አይታችሁት ይሆናል። "ምርጥ" የሚባለው ከሲሚንቶና ከድንጋይ ብናኝ የሚሠራ የእንጀራ ምድጃ አለ፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን ወደ ግማሽ ያወርዳል። ጭሱም ይቀንሳል። የሚሠሩት በየከተማው ያሉ ትንንሽ ማኅበራት ናቸው። አንድም ዘፈን አልተዘፈነላቸውም።

ኅዳር 2018 ብራዚል ላይ በተደረገው የአየር ንብረት ጉባኤ፣ በፈረንጆቹ 2027 የሚደረገውን አዲስ አበባ እንድታዘጋጅ ተወስኗል። ዓለም ሊመጣ ነው። እንግዶቹ ግድቡን ይጎበኛሉ፣ ችግኝ ይተክላሉ፣ የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ይሳፈራሉ። "እኛ ከዓለም ጭስ ውስጥ ያዋጣነው ኢምንት ነው፣ ካሳ ይገባናል" እንላቸዋለን፤ እውነታችንን ነው። ገንዘቡ ሲመጣ ግን የት ይግባ የሚለውን ከአሁኑ እንነጋገር። እኔ ድምፅ ቢኖረኝ ለትራንስፎርመር፣ ለተከራይ ቆጣሪና ለምጣድ ነው የምሰጠው።

የተዘጋጀሁት እስከዚህ ነበር። ከዚያ ጥያቄ ተከፈተ።

አንድ ወጣት ተነስቶ "ፀሐይ እያለችን ምን ያስጨንቀናል? ሁሉም ሶላር ጣሪያው ላይ ያድርግ" አለ። ሶላር ኩራዝን ያጠፋ ነገር ነው፤ ገጠር ላይ ልጆች በጋዝ ጭስ ከማጥናት ድነዋል። ለምጣድ ግን ሒሳቡን አብረን ሠራነው። ለ3.5 ኪሎዋት ባለ 400 ዋት ፓኔል ዘጠኝ ያህል ያስፈልጋል፤ ያውም ጠራራ ፀሐይ ላይ። ባትሪ ሳይቆጠር። ለገጠር ቤት ሶላሩ ለመብራት፣ ጥሩ ምድጃ ደግሞ ለምግቡ ቢሆን ይሻላል አልኩት። ብዙም አልተዋጠለትም።

ከፊት ረድፍ የተቀመጡ እናት ቀጠሉ። "ልጄ፣ ነገርህ ጥሩ ነው። ታዲያ እኔ ሰኞ ስጋግር ምን ላድርግ?" አሉ። እትዬ፣ ሁለት ቀን የሚጋግሩትን በአንድ ቀን ያድርጉት፣ ምጣዱን ሁለቴ ከማጋል ይድናሉ አልኳቸው። ማታ ከ12 እስከ 3 ሰዓት ሰው ሁሉ ስለሚሰካ ኃይሉ ይደክማል፤ ጠዋት ይሻላል። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሦስት እንጀራ አጥፍተው በግለቱ ይጋግሩ። "እሱንማ እኔ ነኝ የማስተምርህ" ብለው አዳራሹን አሳቁት።

የመጨረሻው አንድ ጋሼ ነበሩ። "እኔ አከራይ ነኝ፣ ስታማኝ አመሸህ" ብለው ጀመሩ። "ሒሳቡን እንኳ እንካፈላለን። የምፈራው እሳት ነው። ባለፈው አንዱ ምጣድ ሰክቶ ሶኬቱ ቀለጠ።" ትክክል ናቸው። 3.5 ኪሎዋት በ220 ቮልት 16 አምፒር ገደማ ይሆናል፤ ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን ሽቦና በተራ ማከፋፈያ የሚሰካ ነገር አይደለም። ለምጣድ ከቆጣሪው ቀጥታ የሚመጣ የራሱ ወፍራም መስመርና የራሱ ብሬከር ያስፈልጋል። ለየበሩ መዘርጋት ከከበደ፣ ግቢው ውስጥ አንድ የጋራ ማድ ቤት አድርጎ አንድ ጥሩ መስመር መሳብ ይቻላል፤ ስድስቱም በወረፋ ይጋግራሉ፣ ምጣዱም አንዴ ከጋለ አይቀዘቅዝም። የሚፈጀውን ለብቻው የምታነብ ትንሽ ቆጣሪ ከሥሩ ቢገጠም ሒሳቡ አያጣላም።

ጋሼ ትንሽ አሰቡና "ወረፋው ነው የሚያጣላው" አሉ። ከኋላ አንዲት ሴት "እኛ እንስማማለን፣ እርስዎ ብቻ መስመሩን ይሳቡልን!" አለች። ለካ ተከራያቸው ናት።